ከኮምቦልቻ ውጫሌ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይሆናል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ የጉዞ ገጽ አዘጋጆች? እኔ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ነው የምኖረው። ወንድሜ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው፣ አባባም አብረዋቸው ይመጣሉ፣ እድሜያቸው ገፍቷል ጉልበታቸውንም ያማቸዋል ግን የጦርነት ታሪክ ከተነሳ እህል ውሃም አይታያቸው። እና ወንድሜ በቪትዜ አንድ ቀን ሙሉ እየዞርን እንዋል ይላል፣ አባባ መቅደላን ሳላይ አልሞትም ይላሉ፣ የወንድሜ ሚስት ጣርማበር ዋሻው ጋ ፎቶ ካልተነሳሁ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ውጫሌ እዚሁ ደጃችን ሆኖ አንድም ቀን አላየሁትም። ልጆቹ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፣ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል ወይ? ካልተቻለስ የቱ ይቅር?
ግራ የገባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህታለም አብሽሪ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አይቻልም፣ ባትሞክሩትም ጥሩ ነው። ጣርማበር ወደ ደቡብ፣ ውጫሌ ወደ ሰሜን፣ መቅደላ ደግሞ በኩታበር አድርጎ ወደ ምዕራብ ነው፣ ሶስቱን ላዳርስ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የፊት ለፊቱን አይሱዙ ቂጥ ብቻ ነው። አንድ አቅጣጫ ምረጡ። እኔ ብሆን ወደ ሰሜን ነው የምሄደው፦ ሐረጎ፣ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ዋናው አስፋልት ነው፣ አባባም አብዛኛውን ከመኪና ሳይወርዱ ያዩታል።

መቅደላን ለአባባ እንዴት እንደምትነግሪያቸው አላውቅም፣ ግን እውነቱን ንገሪያቸው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ራሳቸውን ያጠፉበት አምባ ተንታ ወረዳ ውስጥ ነው፣ መኪና እስከ ተራራው ግርጌ ብቻ ነው የሚያደርሰው፣ ከዛ ወዲያ ዳገቱን በእግር ነው። ሴባስቶፖል መድፍ እዛው አምባው ላይ ተቀምጧል፣ እሱን ለማየት ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል፣ በቪትዝም አይሞከርም። ቢያንስ አጅባር አድሮ፣ በነጋታው በማለዳ ወጥቶ፣ ቀስ ብሎ መመለስ የሚጠይቅ ጉዞ ነው። የእንግሊዝ ጦር እንኳ የዘረፈውን ይዞ ሲወርድ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ ነው ያስፈለገው እያልሽ ቀልደሽ አሳምኛቸው። ለሁለት ቀን ጉዞ፣ ከፍ ያለ መኪና ተከራይታችሁ፣ ለብቻው ያዙት።

ጣርማበርማ ምን ችግር አለው፣ ወንድምሽ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና ወጥቶ እዛው ላይ ነው የሚያልፈው! የእረፍት ቀናችሁን እሱ ላይ ለምን ታቃጥላላችሁ። ሚስቱ ፎቶዋን የዛን ቀን ትነሳ፣ ዋሻው ውስጥ ግን እንዳይቆሙ፣ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ጨለማ ነው፣ የጭነት መኪናውም አይታመንም፣ ከአፉ ወጣ ብለው ሰፋ ያለ ቦታ ይቁሙ። ለአባባ ደግሞ አንድ ወሬ ጨምሪላቸው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ከዚሁ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ ዋሻ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ጣርማበር ላይ ወገን መንገዱን ንዶበት ጭቃው ላይ ተገትሮ ነው የዋለው ያደረው፣ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ዋሻውን ጣሊያን የፈለፈለው ከዛ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቀናችሁ። የቤንዚኑን ነገር ከዋዜማው ጨርሱት፣ ጠዋት ወረፋ ላይ ከቆማችሁ ቀኑ አለቀ ማለት ነው፣ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ስልኩ ላይ ብር መኖሩን እዩ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ፌስቡክ ላይ አትጠይቁ፣ ማታውን ወይ ጠዋቱን መናኸሪያ ሂዳችሁ በዛን ቀን ከወልድያ የገቡ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ እነሱ አልፈንበታል ካሉ ሂዱ፣ ካንገራገሩ ሌላ ቀን። ቀልድ አይደለም። መታወቂያ ሁሉም ትልቅ ሰው ይያዝ።

ከኮምቦልቻ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ሐረጎን ስትወጡ ወንድምሽ አይቸኩል፣ ቪትዝ ስድስት ሰው ጭና ያን ዳገት ስትወጣ ሞተሯ ታለቅሳለች፣ የሙቀት መለኪያውን እያየ ይንዳ። እና ከፍ ብላችሁ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ፣ ኩርባ ላይ ግን አይደለም፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። አባባ ይውረዱ። ወደ ኋላ ዞራችሁ ስታዩ ቦርከና እየተጣመመ ይሄዳል፣ የፋብሪካው ጣራ ያበራል፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል፣ ጠዋት ከሆነ ታች ያለው ጉም ገና አልተነሳም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይሄን ሁሉ ትወጣላችሁ ማለት ነው፣ ልጆቹ ጆሯችንን ደፈነን ካሉ ለዛ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ የኮምቦልቻ ልጅ የማያውቀው ጦርነት ተደርጓል። በ1933 የእንግሊዝና የተባባሪዎቹ ጦር መጋቢት 28 አዲስ አበባን ይዞ ሲያበቃ በብርጋዴር ዳን ፒናር የሚመራ አንድ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ወደ ሰሜን ተላከ፣ የኢትዮጵያ ሸማቂዎችም አብረው ነበሩ። ጣሊያን ታችኛውን ሜዳ ለቆ እዚህ ከፍታው ላይ መድፉን ጠምዶ ጠበቃቸው። እስቲ አስቡት፣ እናንተ አሁን የቆማችሁበት ላይ ሆኖ ታች ያለውን መንገድ የሚያይ መድፈኛ አንድም ነገር አያመልጠውም። ስለዚህ በመንገዱ ብቻ መምጣት አልተቻለም፣ በግራ በቀኝ ያሉትን ጋራዎች በእግር እየወጡ አንድ በአንድ መቀማት ነበረባቸው፣ ቀናት ፈጅቶ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ቀጥሎ ደሴ በዛው በሚያዝያ ወር ተያዙ። በሺዎች የሚቆጠር ጣሊያን ተማረከ። የተረፈው ወደ አምባላጌ ሸሽቶ ግንቦት ላይ ከነጣሊያኑ እንደራሴ ከዱካ ዳኦስታ እጁን ሰጠ። እኔን የሚገርመኝ ነገር ጣሊያን በ1928 ሲመጣ በጭቃ የተጓተተበትን መንገድ 5 ዓመት ሙሉ ሲያስፋልት ከርሞ በዛው በራሱ አስፋልት ላይ ነው የተባረረው። አሁን የምትነዱበት መስመር ያኔ የተዘረጋው ነው፣ ስለዚህ ለኔ ትልቁ ቅርስ ራሱ መንገዱ ነው፣ ሐውልት አትጠብቁ።

ደሴ ስትገቡ ቁርስ ብቻ በልታችሁ እለፉ፣ ደሴን ለመልስ አቆዩት። ጠዋት ፒያሳ ከተቀመጣችሁ አንድ ቡና ሁለት ይሆናል፣ ዘመድ ይገኛል፣ ደሴ ዘመድ አይጠፋም፣ በቃ ቀኑ እዛው ነው የሚያልቀው።

ከጢጣ ወጥታችሁ ቦሩ ሜዳን ታልፋላችሁ። እሱ የጦር ሜዳ ሳይሆን አፄ ዮሐንስ በ1870 ጉባኤ ያደረጉበት ነው፣ ሳትቆሙ ለአባባ ጠቁሟቸው፣ የቀረውን እሳቸው ይነግሯችኋል። ሐይቅ ላይም በመሄጃ አትቁሙ።

ከሐይቅ በኋላ ነው መንገዱ የሚያምረው። እየወረዳችሁ ሙቀቱ ይጨምራል፣ አየሩ ይለወጣል፣ በግራ በኩል የአምባሰል ጋራ ግድግዳ መስሎ ይከተላችኋል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከኛ አገር መሆኑን ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ስልክ ላይ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ፈልጋችሁ ክፈቱላቸው፣ መሰልቸቱ ይቀንሳል።

ውጫሌ ከደሴ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከተማዋን ስታዩ ቅር እንዳይላችሁ፣ እንደማንኛውም የመንገድ ዳር ከተማ ነች፣ ሱቅ፣ ባጃጅ፣ ሻይ ቤት። ከጣሊያን ጋር የተደረገው የውጫሌ ውል የተፈረመው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው፣ የምኒልክ ሰፈር እዛ ነበር። ከዋናው መንገድ መገንጠያውን ለመያዝ ውጫሌ ላይ አንድ ሰው ጠይቁ፣ ብትችሉ የሚያውቅ የአገሬው ሰው መኪና ውስጥ አስገቡ፣ ለዚህ ነው ስድስት ሆናችሁ በቪትዝ አትሂዱ የምለው፣ ዶልፊን ብትከራዩ አባባም እግራቸውን ይዘረጋሉ። የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ማነጋገር ከፈለጋችሁ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ አታገኙትም፣ ከሰኞ እስከ አርብ ያለውን ቀን ብትመርጡ ይሻላል።

የውሉን 17ኛ አንቀጽ ሁላችንም ትምህርት ቤት ስላነበነብነው እዚህ አልደግመውም። አባባ ግን ሊወዱት የሚችሉት ሌላ ነገር አለ። ቀኑን እዩት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት መጋቢት ላይ ነው፣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም፣ ምኒልክ ገና ዘውድ አልጫኑም፣ እንጦጦ ላይ የነገሡት በ1882 ጥቅምት ነው። ሰሜን ባለቤት አጥቶ በነበረበት በዛች ክፍተት ነው የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ወረቀቱን ይዞ እዚህ አምባሰል የመጣው። ሰው ሁሉ 17ን ያነሳል እንጂ በዛው ውል ውስጥ ያለው የወሰኑ አንቀጽ ነው መዘዙ የበዛው፣ ጣሊያን ሐማሴንንና አካለ ጉዛይን ጨምሮ መሬት ያገኘው በሱ ነው። ምኒልክ ውሉን በይፋ ያፈረሱት በ1885 ነው፣ አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888። እዚህ ከተፈረመበት እስከ አድዋ 7 ዓመት አልሞላም። ልጆቹን እዛው ሜዳው ላይ አስቁማችሁ አንዱን ምኒልክ አንዱን አንቶኔሊ አድርጋችሁ አጫውቷቸው፣ ሙዚየም ውስጥ ዝም በሉ ከማለት ይሻላል።

ስትመለሱ 8 ሰዓት ገደማ ሐይቅ ትደርሳላችሁ፣ ምሳችሁ ዓሳ ነው ሌላ ነገር አትዘዙ። ጥብሱ ሲመጣ ገና ዘይቱ ይጮሃል፣ ሎሚና ሚጥሚጣ አስጨምሩ፣ ለልጆቹ እሾሁን ለዩላቸው። እስጢፋኖስ ገዳም እንግባ ካላችሁ ወንዶቹ ብቻ ናቸው የሚገቡት፣ አንቺና የወንድምሽ ሚስት ሐይቁ ዳር ቡና ጠጡ።

ደሴ 10 ሰዓት ላይ ከገባችሁ አንድ ቦታ ትደርሳላችሁ፣ የትኛው እንደሆነ ከታች ለመምህሩ የመለስኩትን እዪ። ሐረጎን ሳይመሽ ውረዱ፣ ይሄን ደግሜ እናገራለሁ። በማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ አይገባም፣ ሸራው ሲሸት ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ ነው። የተጫነ ተሳቢ ከኋላ ከመጣ አሳልፉት፣ የሱ ፍሬን ይዞ ይሁን ለቆ አታውቁም።

ጥያቄ፦ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ገራዶ። ሁሉም ሰው ውጫሌ ውጫሌ ይላል፣ ለአድዋ ጦሩ የከተተው ግን ወረኢሉ ነው አይደል? ወረኢሉን ለምን አትጽፉም? ሁለቱን በአንድ ቀን ማገናኘት ይቻላል?

መልስ፦ ትክክል ነህ ወንድሜ፣ የክተት አዋጁ ላይ ለሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ የተባለው ነው፣ 1888 መሆኑ ነው። ምኒልክ ወረኢሉን ቀድሞም ለጦር ሰፈርነት የቆረቆሯት ከተማ ነች፣ ከሸዋ ለሚመጣው መገናኛ የሆነችውም በዋዛ አይደለም፣ ፈረስና በቅሎ የሚሰማራበት ሰፊ ሜዳ፣ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ደጋ ያለበት ቦታ ነው። ያን ሁሉ ሰው ከነአገልጋዩ ከነከብቱ የትም አታሰፍረውም። የወሎ ፈረሰኛም በራስ ሚካኤል እየተመራ አድዋ ዘምቷል፣ እሱን እኛ ወሎዬዎች ራሳችን በደንብ አናወራውም፣ ሌላው ለምን ያወራልናል።

ሁለቱን በአንድ ቀን ግን አይሆንም። ውጫሌ በሰሜን ወረኢሉ በደቡብ ምዕራብ፣ ደሴ መሃል ላይ ነች። ወረኢሉ ከደሴ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው፣ በጉጉፍቱና በካቤ በኩል፣ ለብቻው አንድ ቀን ስጠው። ለመልክዓ ምድሩ ከሆነ ከውጫሌ መንገድ በጣም ይለያል፣ ውጫሌ ስትሄድ ትወርዳለህ ይሞቅሃል፣ ወረኢሉ ስትሄድ ደጋ ለደጋ ነው፣ ጉጉፍቱ ላይ ንፋሱ በር አያስከፍትህም፣ ጋቢ ወይ ወፈር ያለ ጃኬት ሳትይዝ እንዳትወጣ። እኔ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ፣ አዝመራው ገና ሳይታጨድ፣ ደግሞም ጦሩ የከተተው በዚሁ ወቅት ስለሆነ ያዩትን ማየት ነው። በክረምት አይመከርም፣ ጉሙ ከፊትህ ያለውን በግ እንኳ አያሳይህም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ ደሴ። ተማሪዎቼን መኪና ተከራይቼ ሩቅ የምወስድበት በጀት የለኝም። በእግር ከተማው ውስጥ ብቻ የጦርነት ታሪክ ማሳየት እችላለሁ?

መልስ፦ በደንብ ነዋ መምህር። አንደኛ አይጠየፍ አዳራሽ። የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤት ነው፣ አሁን ስለ አድዋው ፈረሰኛ ያወራሁት ሰውዬ ማለት ናቸው፣ በኋላ ደግሞ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፣ የልጅ ኢያሱም ነገር በዛው አበቃ። አንድ አዳራሽ ስር ሁለት ጦርነት ያስተምራሉ። ሁለተኛ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው ሙዚየም። በ2014ቱ ጦርነት እንደተዘረፈ ልጆቹ ያውቃሉ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ያኔ ከተማውን ለቀው ተሰደው የነበሩ ናቸው፣ ስለዚህ ረጋ ብለው ቢያወሯቸው ጥሩ ነው፣ ለነሱ ጦርነት የመጽሐፍ ነገር አይደለም። ከመውሰድዎ በፊት ለጉብኝት ክፍት የሚሆንበትን ቀን በአካል ሄደው ያረጋግጡ።

ሶስተኛው ሕንፃ የማይፈልግ ነው። የጦሳን ተራራ ጀርባ አድርገው ከተማው የሚታይበት ከፍታ ላይ ያውጧቸውና ኅዳር 26 ቀን 1928ን ይንገሯቸው። ጃንሆይ ከአዲስ አበባ መጥተው ጦሩን ከደሴ ሆነው ይመሩ ነበር፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች የዛን ቀን ጠዋት መጥተው ከተማውን በቦንብ ደበደቡ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበትን የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም መቱ። ጃንሆይ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መሳሪያ ኋላ ሆነው የተነሱት ፎቶ ዓለምን ያዳረሰው ከዚህ ነው። እዛ የነበሩት የውጭ ሐኪሞች ለመንግሥታቱ ማኅበር ተቃውሞ ጻፉ፣ ማኅበሩ ምን እንዳደረገ ልጆቹ ይመራመሩ፣ ጥሩ የቤት ሥራ ነው። ፎቶውን አትመው ይያዙና ከኋላ የሚታየውን ጋራ አሁን ካለው ጋር እያስተያዩ ይፈልጉት፣ ከማንኛውም ገለጻ በላይ እሱ ነው ልብ የሚይዘው፣ ልጅ ደግሞ ፈልግ ሲሉት ይወዳል።

ጥያቄ፦ ድሮን አለኝ፣ ሐረጎንና ይስማ ንጉሥን ከላይ መቅረጽ ፈልጌ ነበር።

መልስ፦ ፈቃድ ሳትይዝ እንዳታወጣው ወንድሜ። የድሮን ፈቃድ የሚሰጠው ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ነው፣ ወረቀቱ በእጅህ ከሌለ ኬላ ላይ ቦርሳህ ሲፈተሽ ድሮኑንም ቀኑንም ታጣለህ። ለሐረጎ ስልክህ ይበቃል፣ ጠዋት ፀሐይ ከኮምቦልቻ በኩል ስትወጣ ወደ ታች አንሳ። ኬላና ወታደር ያለበት ጋ ግን ስልክህን ኪስህ ክተት።